ዋግ ያረባሁባቸው ዓመታት

ሮቤ ገበያ አጠገብ፣ ባጃጆቹ ተኮልኩለው ሰው በሚጠብቁበት ጥግ፣ አንዲት ሴት ድንች ቀቅላ ትሸጣለች። ድስቷ ትልቅ ነው፤ እንዳይቀዘቅዝባት ላዩ ላይ ጆንያ ጣል አድርጋበታለች። ገዢ ሲመጣ ጆንያውን ገለጥ ታደርገዋለች፣ እንፋሎቱም መንገዱን ተሻግሮ እኔ እስከምቀመጥበት ሻይ ቤት በረንዳ ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ ሻዬን አስቀምጬ አሸተዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ተነስቼ ሄጄ ድስቱ አጠገብ ቆምኩ። «ኮቱ አባ፣ ይምጡ፣ ትኩስ ነው፤ ስንት ላድርግልዎት?» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ ሽታው ይበቃኛል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው። ምን ታድርግ? ጡረታ የወጣ ሽማግሌ የድንች እንፋሎት ቆሞ ሲያሸት ባይ እኔም እስቅ ነበር። ሚስቴ ሩቂያ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የማወራው ይህን በመሰለ ምክንያት ሆኗል፤ ወይ ዋጋ ስጠይቅ፣ ወይ አልገዛም ስል። ልጄ ከአዳማ ዓርብ ዓርብ ትደውልልኛለች። የቀረው የሳምንቱ ቀን የራሴ ነው።

ሌላው ሰው ወጣትነቱን በሽቶ ወይም በአበባ ያስታውስ ይሆናል። የእኔ ወጣትነት የሚሸተው የተቀቀለ ድንች ነው። ከሮቤ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ የእህል በሽታ በሚጠናበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። ድንቹን የምንቀቅለው ለራሳችን ሳይሆን ለሻጋታ ነው። ልጠን፣ ከትፈን፣ ቀቅለን ውሃውን በጨርቅ እናጠልለዋለን፤ ስኳር እንጨምርበታለን፤ ከባሕር አረም የሚሠራውን፣ አጋር የሚባለውን ዱቄት እንነሰንስበታለን። ከዚያ በታፈነ እንፋሎት ውስጥ፣ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ እስኪሞት ይበስላል። ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህኖች ላይ ስናፈሰው እንደቀዘቀዘ የቅልጥም መረቅ ይረጋል። የታመመውን ስንዴ ቁራጭ መሐሉ ላይ አድርገን፣ ክዳኑን ከድነን፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ሳጥን ውስጥ እናሳድረዋለን። በጥቂት ቀን ውስጥ ሳህኑ ያብባል። የስንዴውን ራስ የሚያደርቀው ሻጋታ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይጀምርና ከሥሩ እንደ ጽጌረዳ ይቀላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ዘሩ ማጭድ ይመስላል። ባክቴሪያው ደግሞ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ጠብታ ሆኖ ይመጣል። ጫፉ የተቆለመመ ሽቦ እሳት ላይ አግለን፣ አብርደን፣ ከጠብታው ነካ አድርገን መስታወት ላይ እንቀባዋለን። ከዚያ ቀለም እናጠጣዋለን፤ ሐምራዊውን ከያዘ አንድ ወገን ነው፣ ለቅቆ ቀይ ከሆነ ሌላ ወገን ነው። ጣቶቼ ሁልጊዜ ሐምራዊ ነበሩ። ሠርግ ቤት ስሄድ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነበር የምቆመው።

ከደሴ ስመጣ ባሌ ማለት ለእኔ ጎባ ማለት ነበር። መሥሪያ ቤቶቹ ጎባ፣ ሆስፒታሉ ጎባ፣ መብራቱ ጎባ። ሮቤ ያን ጊዜ አንድ ረጅም መንገድ ነበረች፤ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ሱቅ፣ መሐሉ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ የጋሪ ፈረስ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፎቅ አላት፣ መኸር በደረሰ ቁጥር መንገዱን ዘግተው የሚያልፉ ኮምባይነሮች አሏት። ያን ጊዜ ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ዳቦው ከሻዩ ብዙም አይበልጥም። ከተራራው ማዶ ያሉት የሪራ ሰዎች ከጫካ የሚያወርዱት ማር በወተት ቆርቆሮ እየተሰፈረ ይሸጥ ነበር፤ ንቡም ሰሙም አብሮት ነበር፣ ለቅመህ ትበላለህ። ብርዱን ያመጣሁት ሸሚዝ ስላልቻለው በመጀመሪያው ደሞዜ ከሳልባጅ ተራ አንድ ካፖርት ገዛሁ፤ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርሳል፣ ቁልፎቹ የሴት ናቸው፣ ግን ይሞቃል። ከካሴት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የኦሮምኛ ዘፈን ይለቀቅ ነበር። ቃሉን ሳላውቅ ዜማውን ሸምድጄው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳንጎራጉር ሠራተኞቹ ይስቁብኛል፤ ለካ የሴት ልጅ የእንግጫ ለቀማ ዘፈን ኖሯል። ብቸኝነት ያን ጊዜም ነበረብኝ፤ ግን የወጣት ብቸኝነት ቀላል ነው፣ ነገ የሚያልቅ ይመስላል።

አለቀልኝም። አንድ ጊዜ ጣቢያው ስኳር ጨረሰና ሮቤ ወርጄ እንድገዛ ተላክሁ። ባለ ሱቋ ከሮቤ አጠገብ ካለው ከሲናና የመጣች ሴት ናት፤ ባንኮኒው ላይ የቆመችው የወንድሟ ልጅ ነበረች፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች። ሩቂያ ናት። ስኳሩን እየሰፈረች ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ይህ ሁሉ ስኳር ለማን ነው? ድግስ አለ?»

«ለሻጋታ ነው።»

«ለሻጋታ?»

«እናሳድገዋለን።»

«እኛ ቤት በነጻ ነው የሚበቅለው» አለችኝ፣ ፈገግ ሳትል። ስኳሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አቃተኝ፤ በሳምንቱ ሳሙና ብዬ ተመለስኩ፣ ከዚያ ክብሪት፣ ከዚያ ምንም የማያስፈልገኝን ክር። ኒካሐችን የታሰረ ጊዜ ቤቴ ውስጥ አንድ ቁምሳጥን የሚሞላ ክር ነበረኝ።

አሁን ስለ ዋግ ልናገር፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ዋግ ስንዴን የሚያቃጥለው ቢጫ ዱቄት ነው። እሱም ከሻጋታ ወገን ነው፤ ግን ያን ሁሉ የድንችና የስኳር ድግስ ንቆ ይተወዋል። ሳህን ላይ አይበቅልም። የሞተ ነገር አይበላም። የሚኖረው በሕይወት ባለ የስንዴ ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋግን ለማቆየት ስንዴ ማብቀል ያስፈልጋል፤ በጣሳ ዘርተህ፣ ቡቃያው ጣት ሲያህል ዱቄቱን ትነሰንስበታለህ፣ ጨለማና ጤዛ ባለበት ሳጥን ታሳድረዋለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። ቅጠሉ ቢጫ ዱቄቱን ሲተፋ፣ ሳይሞት በፊት፣ ዱቄቱን ወደ አዲስ ቡቃያ ታሻግረዋለህ። እንዲህ እያልክ በጋ ከክረምት። ይህ የእኔ ሥራ ሆነ። የባሌ ገበሬ ሁሉ ከዋግ ሲሸሽ እኔ ደሞዝ እየበላሁ ዋግ አረባ ነበር። ለምን ቢባል፣ አዲስ የሚወጣው የስንዴ ዘር ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት በዋግ መፈተን አለበት። ዋጉ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። ለዓይን ሁሉም አንድ ቢጫ ነው፤ ማይክሮስኮፕም አይለየውም። የሚለየው ስንዴው ራሱ ነው፤ የተለያዩ የስንዴ ዓይነቶች በረድፍ ትዘራለህ፣ ዱቄቱን ትነሰንስባቸዋለህ፣ የትኛው እንደታመመና የትኛው እንደዳነ አይተህ የዋጉን ማንነት ታውቃለህ። እኛ ዘንድ ከአርሲ የመጣ ነበረ፣ ከጎጃም የመጣ ነበረ፤ ባሌ ረግጦ የማያውቅ ዋግ በመስታወት ቤታችን ውስጥ ይቀለብ ነበር።

ስለዚህም ሕግ ነበረን። ከዋጉ ቤት ስትወጣ ጋውንህን ታወልቃለህ፣ ትታጠባለህ፣ የስንዴ ማሳ አትገባም። ከማሳ የመጣ ሰውም እኛ ጋ አይገባም። አለቃችን የሐረር ሰው ነበር፤ ቁጥብ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። «ዱቄቱ ፀጉርህ ላይ ቢቀር አታየውም» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከሕጉም በላይ ጠበቅሁ። ስንዴው ከበቀለ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ማሳ አጠገብ ላለመድረስ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይህ በሌላ አገር ቀላል ይሆናል። ባሌ ግን ስንዴ ነው! በዓመት ሁለቴ ስለሚዘራ ማሳው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ትንሽ ነው። ከጎባ እስከ ሲናና፣ ከሲናና ዓይን ማየት እስከሚችልበት፣ ስንዴ ነው። ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ በስንዴ መሐል ነው የሚሄደው፤ ቀብር ሲወጣ በስንዴ መሐል ነው። እኔ በዋናው መንገድ ብቻ የምሄድ ሰው ሆንኩ።

የሩቂያ አባት ኦቦ ከድር ቤታቸው ሲናና ነው። ከመንገዱ አጥር አለ፤ ከአጥሩ እስከ ቤቱ አንዲት ቀጭን መንገድ፣ ግራና ቀኟ ስንዴ። ከዚያች ሌላ መግቢያ የለም። ከኒካሑ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስንዴው ጉልበት ደርሶ ነበር። አጥሩ ላይ ቆምኩ። ኦቦ ከድር ከደጃፋቸው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው «ኮቱ ሴኒ!» አሉ፣ ና ግባ ማለታቸው ነው። አልገባሁም። አማች አማቱ ፊት ብዙ አያወራም፤ ያውም በዚያ አገር ደንብ፣ ያውም በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። ሩቂያ ሮጣ ሄዳ ነገረቻቸው፤ ሥራው ይከለክለዋል አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አማቴ፣ የሩቂያ እናት፣ ጭኮ በሳህን ይዘው በዚያች መንገድ መጡ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፣ ለአማች የሚቀርብ ክብር ነው። አጥሩን ተደግፌ በቁሜ በላሁት። እሳቸው ሳህኑን ይዘው ይጠብቁኝ ነበር፤ ፊቴን ላለማየት ወደ ተራራው እያዩ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ሩቂያ ትገባለች፣ ከእናቷ ጋር ሳቋ እስከ አጥሩ ይሰማኛል፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን ጋሪ አያለሁ። ኦቦ ከድር መጀመሪያ እየመጡ ሰላም ይሉኝ ነበር። ኋላ ከደጃፋቸው እጅ ማንሳት ብቻ ሆነ። «ሴኒ» ማለቱን የተዉበትን ቀን አላስተዋልኩትም፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲቆም አያስተውልም፣ ካለፈ በኋላ ነው የሚያስተውለው።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። የትኛው ዓመት እንደሆነ የባሌ ሰው ሲነገረው ያውቀዋል። ዝናቡ አላቋርጥ አለ፤ ጭጋጉ ከሳነቴ ተራራ እየወረደ ቀኑን ሙሉ ማሳው ላይ ይተኛል። ለዋግ የሚመች ቀዝቃዛና እርጥብ አየር እኔ በሳጥን ውስጥ ለማምጣት የምደክምበት ነው፤ ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ሳጥን ሆነ። ሩቂያ አንድ ዓርብ ከአባቷ ቤት ስትመለስ «ቢጫ ሆኗል» አለችኝ። «ውሻችን ከማሳው ሲወጣ እግሩ ቢጫ ነው።» በሁለተኛው ዓርብ ማሳው እስከ ቤቱ ደጃፍ ቢጫ ነበር። የጎረቤቶቹ ማሳ እንደ እሱ አልተጎዳም፤ ሌላ ዘር ነበር የዘሩት። ገበያ ላይም ወሬ ተነሳ። አንዲት ሴት ሩቂያን አቁማ «ባልሽ እኮ ነው መንግሥት ዋግ የሚያስቀልበው» አለቻት። እየሳቀች ነው ያለቻት፤ ሩቂያ ግን ሳቋን ይዛ አልመጣችም።

ማታ ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ፣ ሳፋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጋውኔ ውሃ ውስጥ ነው። እሷ እጇን አልነከረችም።

«ሰይድ፣ ይህን ጋውን የሚያጥበው ማነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«መቼ ነው የማጥበው?»

ቀኖቹን ቆጠርኳቸው። የምታጥበው ሐሙስ ሐሙስ ነው። አባቷ ቤት የምትሄደው ዓርብ ዓርብ ነው።

«ሳታጥቢው በፊት ታራግፊዋለሽ?» አልኳት። ባልጠይቃት ይሻል ነበር።

«ልብስ ሳያራግፍ የሚያጥብ አለ?» አለች። ከዚያ በዝግታ፣ «አንተ አጥር ላይ ትቆማለህ፣ እኔ እየሮጥኩ በስንዴው መሐል እገባለሁ። በእጄ ቅጠሉን እየነካሁ ነው የምሄደው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ሰይድ፣ አባቴን ያደኸየሁት እኔ ነኝ?»

ይህን ያህል ዓመት ራሴን እንደ ቁስለኛ ስጠብቅ ስለ እሷ አንድም ቀን አላሰብኩም። አለቃችንም አላሰበም። ጋውን ይታጠብ ይላል ሕጉ፤ ማን እንደሚያጥበው፣ አጣቢው የት እንደሚሄድ የሚል ነገር የለውም። እጇን ይዤ «አይደለሽም» ማለት ነበረብኝ። የምችለው ግን የማውቀውን ብቻ ነበር፣ ይህንን ደግሞ አላውቅም ነበር። «አጣራለሁ» አልኳት። በማግስቱ ልብሷን ይዛ እናቷን ልታግዝ ወደ ሲናና ሄደች። ምግብ አልቀምስ ብላለች አሉኝ።

የማጣራው ነገር ቀላል ነበር፤ የሚከብደው መጠበቁ ነው። እኛ ረድፍ ውስጥ አንድ የስንዴ ዓይነት ነበረ፤ ጣቢያችን ውስጥ ካሉት ዋጎች አንዱም ደፍሮት አያውቅም። ምንም ብንነሰንስበት ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖ ይቆማል። የአባቷ ማሳ ዋግ ይህን ስንዴ ካልነካው ከእኛ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ከእጇ፣ ከሻሿ፣ ከእኔ ጋውን። ቢያሳምመው ግን የእኛ አይደለም፤ ከሩቅ በነፋስ የመጣ እንግዳ ነው። የሩቂያ ወንድም ጀማል የታመመ ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ ጣቢያው በር ድረስ አመጣልኝ። አለቃዬን ስነግረው «አንድ ሳጥን ለይተህ ያዝ፣ ከሌላው እንዳይነካካ» ብሎ ፈቀደልኝ። ዱቄቱ በመጀመሪያ በደካማ ስንዴ ላይ መብዛት ነበረበት፣ ከዚያ ወደ ረድፉ። ሳምንታት የሚፈጅ ነገር ነው፤ አይቸኩልም፣ አይለመንም።

እነዚያን ሳምንታት ዛሬ ካለሁበት ብቸኝነት ጋር ሳስተያያቸው የዛሬው ይሻላል እላለሁ። ዛሬ የምጠብቀው የለም። ያን ጊዜ ግን ወደ ቤት ስገባ ጫማዋ ደጃፉ ላይ፣ አረንጓዴ ሻሿ ሚስማሩ ላይ ነበር። ምድጃው ቀዝቅዞ ነው የሚጠብቀኝ። ዳቦ ከሻይ ጋር እበላና ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ዜናውን አልሰማውም፣ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነው። ጠዋት ከሁሉም በፊት ደርሼ የሳጥኑን ክዳን አነሳለሁ። ደካሞቹ ስንዴዎች ታመሙ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ታመሙ። ያ ስንዴ ግን አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንዴ እንዲድን የሠራሁ ሰው፣ ጎንበስ ብዬ ያንን ቡቃያ «ታመም» እለው ነበር። አፍሬ ነው የምናገረው፤ ከሱጁድ ሳልነሳም እንደዚያው እል ነበር።

አንድ ጠዋት ቅጠሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የገረጣ ነጥብ አየሁ። በማግስቱ ነጥቦቹ በዙ። ከዚያ ቢጫው ፈነዳ፤ ያ ማንም ያልደፈረው ስንዴ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ በዱቄት ተሸፈነ። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ እንባዬ እየወረደ። አለቃዬ መጥቶ አጎንብሶ አየው፣ መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አየው። እሱ አልሳቀም። ያ ስንዴ የነገ ተስፋችን ነበር፤ የዘር አውጪዎቹ ልፋት ሁሉ በእሱ ላይ ነበር። እኔን እንዲህ ያስደሰተኝ ነገር ለባሌ ገበሬ ሁሉ መርዶ ነበር። «የእኛ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለባለቤትህ ንገራት። እዚህ ግን አናቆየውም።» ቡቃያውን፣ አፈሩን፣ የመጣበትን ቅጠል ከነወረቀቱ በዚያው ቀን አቃጠልነው። እንዲህ ያለ ዋግ ቢያመልጠን ብለን ነው። ትክክል ነበርን፤ ዛሬም ብሆን የማደርገው እሱኑ ነው።

ታጠብኩ፣ ልብስ ቀየርኩ፣ በእህል መኪና ሲናና ደረስኩ። አጥሩ ላይ እንደ ልማዴ ቆምኩ። ኦቦ ከድር ዱላቸውን ይዘው በዚያች መንገድ መጡ፤ ሩቂያ ከኋላቸው። ከስታለች። አማች አማቱ ፊት አያወራም ያልኩትን ያን ቀን ረሳሁት፤ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ኦሮምኛው ሲያልቅብኝ በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያጥርብኝ በእጄ። ነፋስ ነው ያመጣው አልኩ። ከሩቅ ነው የመጣው፣ የእኛ ቤት ዋግ አይደለም፣ ሩቂያም አይደለችም። ሽማግሌው ነገሬን እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ነፋስ መሆኑ መቼ ጠፋን?» አሉ። «ዋጊ አንተ ሳትመጣ ነበረ፣ ጣቢያው ሳይሠራ ነበረ። አባቴም ያውቀዋል። እኔ በዋጊ አልተቀየምኩህም ሶዳ።» ዋጊ የሚሉት ዋግን ነው፣ ሶዳ አማች ማለት ነው፤ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ልጄን ሰጥቼህ ደጄን አልረገጥክም። እሱ ነው የከበደኝ። እንግዲህ አሁን ግባ። የሚበላሽ ነገር አልቀረም።»

ገባሁ። ከኒካሔ በኋላ በዚያች መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ቅጠሉ በነካኝ ቁጥር ዱቄቱ ቦግ ይላል፤ ቤቱ ጋ ስደርስ ሱሪዬ እስከ ጭኔ ቢጫ ነበር። አማቴ ሲያዩኝ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጭኮ በላሁ፣ ተቀምጬ! ሩቂያ አጠገቤ መጥታ በጆሮዬ «ቅጠሉን አሳየኝ» አለችኝ።

«አቃጠልነው። ማቃጠል ነበረብን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጥቂት አሰበችና «ወላሂ በል» አለችኝ።

«ወላሂ፣ ከአንቺ አይደለም» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» ብላ ተነሳች፣ ለአባቷ ውሃ አቀረበች፣ ያን ቀን ከእኛ ጋር በላች። አመነችኝ ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። በሚቀጥለው ዓመት ኦቦ ከድር ገብስ ዘሩ፤ ገብሱም ያዘላቸው፣ አላህ ሰጣቸው። ጋውኔን ከዚያ ወዲያ ጣቢያው ውስጥ እኔው አጥበው ጀመር። ሠራተኞቹ «ሚስቱ አባረረችው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሩቂያ ግን ዳግመኛ በዚያች መንገድ ስትሄድ እጇ ስንዴ ሲነካ አላየሁም። እጆቿን ሻሿ ውስጥ ሰብስባ ነው የምታልፈው። ሳየው ብርድ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ልጃችን አደገች፣ ኦቦ ከድርም አማቴም ተከታትለው አረፉ፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ዋጉን ሌሎች ተረከቡኝ፤ አሁን የሚያቆዩበት ሌላ መንገድ አላቸው፣ በብርድ አድርቀው በትንሽ ብልቃጥ ያስቀምጡታል አሉ፣ ጠባቂም አያስፈልገው። ሩቂያ ከሶላት በኋላ ዱዓዋ ረጅም ነበር፤ እኔ ምንጣፌን አጥፌ ሻይ ጠጥቼ ስጨርስ እሷ ገና እጇን ዘርግታ ነው። «ለማን ነው ይህን ያህል?» ስላት «ለአንተ ነው» ትላለች። «ምን አጥፍቼ?» ብዬ እስቅባታለሁ። ፈገግ ብላ ትተወኛለች።

ስትታመም እዚሁ ሮቤ ቤታችን ውስጥ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ አልጋዋ ላይ ወርዳ ሳለ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ብርቱካን እልጣለሁ። ልጃችን ገበያ ወጥታለች። ሩቂያ ዓይኗን ሳትከፍት ጠራችኝ።

«ሰይድ፣ ያንን አልረሳሁልህም።»

«የቱን?»

«የአባቴ ማሳ የተቃጠለ ጊዜ። እኔ እንዳልሞት ብለህ በአላህ ስም የማልክልኝን።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለእኔ ብለህ ነፍስህን አስያዝክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሶላት ሳላስቀር፣ የዋሸው ለእኔ ነውና ማረው፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርገው እያልኩ እለምነዋለሁ። ምሮሃል ብዬ ነው የማስበው። እንዳትጨነቅ።»

ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ። ይህን ሁሉ ዘመን የአባቷን ማሳ ተሸክማ ኖራለች። በላዩ ላይ ደግሞ የእኔን ውሸት ጨምራ፤ ያልዋሸሁትን ውሸት። ቅጠሉን ከእኔ ጋር ያየው ሰው አለቃዬ ብቻ ነበር፤ እሱ ሐረር ተመልሶ ከሞተ ቆይቷል። እውነቱን የሚያውቅ በምድር ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ዛሬም እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቀን ሳናቃጥለው በፊት መጥታ አንድ ጊዜ ብታየው ምን ነበረበት? ከማሳ የመጣ ሰው አይገባም የሚል ሕግ ነበረን፤ እሷ ደግሞ ከማሳ ነበር የምትመጣው።

«ሩቂያ» አልኳት፣ «አልዋሸሁም። እውነት ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ዓይኗን ከፍታ አየችኝ፤ ያንኑ ረጅም አስተያየቷን።

«እሺ» አለችኝ፣ ልጅ እንደምታባብል። ከዚያ የታመምኩት እኔ የሆንኩ ይመስል፣ የብርድ ልብሷን ጫፍ ስባ ጉልበቴ ላይ አለበሰችኝ።